ወታደር ወደ ባሕር ማዶ ሲላክ ማን ይጠየቃል?

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ውስጥ ስለ አትክልቱ፣ ስለ መዘምራኑና ስለ እግር ኳሱ ቡድን ሌሎች ጓደኞቻችን መልካም አድርገው ጽፈዋል። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ በታሪክ ትምህርት ሰዓት ተነሥቶ ለ2 ሳምንት ያከራከረንን አንድ ጥያቄ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ጥያቄው ይህ ነው፤ አቅሟ ትንሽ የሆነ አገር ወዳጅዋን ለመርዳት ወታደሮቿን ወደ ሌላ አገር ስትልክ፣ የሕዝቡ ምክር ቤት ሊጠየቅ ይገባዋልን? ከተጠየቀስ በኋላ፣ ምክር ቤቱ ደግሞ መልሶ ሊጠይቅ ይገባዋልን?

ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣም። አንድ ጓደኛችን ከጊምቢ በኩል ካለው ቤታቸው አንዲት ሜዳይ በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣ። ቅድመ አያቱ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ያገኙት ነው። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ሜዳዩን ለብዙ ዓመታት በእህል ጎተራ ውስጥ ደብቀውት ነበር አሉ። ምክንያቱም የደርግ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በመወዳጀቱ፣ በደቡቡ ወገን ተሰልፎ መዋጋት የሚኰሩበት ሳይሆን የሚፈሩበት ነገር ሆኖ ነበር። ሜዳዩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከመካከላችን አንዱ፣ «እርሳቸውን ወደዚያ የላካቸው ማን ነው? ማንስ ተጠየቀ?» አለ። መምህራችንም፣ «እንግዲህ መርምራችሁ ምጡ» አሉን።

ምርመራችንን የጀመርነው ከዚሁ ከደጃችን ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና በውጭ አገር የተማሩ ሰዎች በዚህ በነቀምቴ ተሰብስበው የጥቁር አንበሳ ማኅበርን አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም እንጂ ወታደር አልነበሩም። ከአባሎቹም አንዱ የወለጋ ተወላጅ የሆኑት ይልማ ዴሬሳ ነበሩ። ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ ሌሊት እነዚሁ ወጣቶች በነቀምቴ አቅራቢያ በቦነያ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮንና አብረውት የመጡትን መኰንኖች ገደሉ። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል።

ብዙዎቻችን ያልሰማነው ግን ሌላ ነገር ነው። ማኅበሩ ለራሱ አጭር ሕገ ደንብ ጽፎ ነበር፤ ከደንቡም አንዱ የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ ነው የሚል ነበር። ገበሬውን አለማንገላታት፣ ምርኮኛን በሰብአዊነት መያዝ የሚሉም ነበሩበት። አስቡት! አገር ተወርሮ፣ መንግሥት ተበትኖ፣ ጠላት በሰማይ እያንዣበበ ሳለ፣ እነዚህ ጥቂት ሰዎች በነቀምቴ ተቀምጠው ጠመንጃ የያዘ ሰው ጠመንጃ ላልያዘ ሰው መታዘዝ አለበት ብለው ጻፉ። ይህ ሐሳብ ለዚህ አገር ፈጽሞ እንግዳም አልነበረም። በገዳ ሥርዓት አባ ዱላ የጦር መሪ ነው፤ ሆኖም የሚመራው በጨፌ የመከረውን ሕዝብ እንጂ ራሱን አይደለም። በአማርኛም፣ «ምክር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላል።

ከቦነያው ሌሊት 3 ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ትንንሽ አገሮች በሌሎች ቃል ኪዳን ተማምነው እንደ ተከዱ ተናገሩ። ማኅበሩ ግን በሚቀጥለው ወር በኢጣልያ ላይ የጣለውን የንግድ ማዕቀብ አነሣ። እንግዲህ ኢትዮጵያ በጋራ መጠባበቅ የሚለውን ቃል የተማረችው ርዳታ ሰጪ ሆና ሳይሆን፣ ርዳታ ለምና የተከለከለች ሆና ነው። ይህን ሳያስታውሱ የኮሪያን ዘመቻ ማስተዋል አይቻልም።

በሰኔ 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ በገባ ጊዜ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን ለርዳታ ጠራ። ኢትዮጵያም ከአፍሪካ ጥሪውን ተቀብላ የእግረኛ ጦር ሠራዊት የላከች ብቸኛዋ አገር ሆነች። በልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው የተባለው የመጀመሪያው ሻለቃ ጦር፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፈረ። በኮሪያም ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ጦርነቱ እስኪቆም ድረስ 3 ሻለቆች እየተተካኩ ተዋጉ፤ ከ3,000 በላይ ሰዎች ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ከእነርሱ አንድም ሰው እንዳልተማረከ እስከ ዛሬ ይነገራል። በደቡብ ኮሪያ በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ምክር ቤት አልነበራትምን? ነበራት። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቁሞ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን መረጠ የሚባለው ንጉሠ ነገሥቱ፣ የሁለተኞቹንም መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። ጦርነት የማወጅና ሰላም የመዋዋል ሥልጣንም ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የተሰጠ ነበር። ስለዚህ ቃኘው ሻለቃ የተላከው ሕግ ተጥሶ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ምክር ቤቱን አልጠየቀም። የነቀምቴ ወይም የደምቢ ዶሎ እናት ልጇ ስለሚሄድበት አገር ትጠይቀው ዘንድ የመረጠችው እንደራሴ አልነበራትም።

በዚያው ዘመን፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ሁለት ስምምነቶች ተፈረሙ። በአንደኛው አሜሪካ ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያና አሠልጣኝ እንድትሰጥ፤ በሁለተኛውም በአሥመራ የነበረውን የመገናኛ ጣቢያ ለ25 ዓመት እንድትጠቀምበት ሆነ። ጣቢያውም ቃኘው ተብሎ ተጠራ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ወዳጅን በጦር መርዳት ብቻውን የሚቆም ሥራ አይደለም። ሠራዊት ሲላክ መሣሪያ ይመጣል፤ መሣሪያ ሲመጣ ጣቢያ ይሰጣል፤ ጣቢያ ሲሰጥ ለብዙ ዓመት የሚያስር ውል ይፈረማል። በመጀመሪያው ቀን ያልተጠየቀ ምክር ቤት በመጨረሻው ቀን የሚያገኘው ያለቀ ነገር ነው።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ነገሩ ጥቂት ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነት የሚያውጁት በምክር ቤቱ ምክርና ስምምነት ነው የሚል ቃል ተጻፈ። የዓመቱ በጀትም በምክር ቤቱ መጽደቅ ነበረበት። በ1950 ዓ.ም. መባቻም ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ እንደራሴዎቹን በድምፁ መረጠ። ከነቀምቴው ማኅበር አባሎች አንዱ የነበሩት ይልማ ዴሬሳም በዚያ ዘመን ለብዙ ዓመታት የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ሆኖም የጦር ሠራዊቱ ብዛት ስንት ይሁን የሚለውን የመወሰን ሥልጣን አሁንም ለንጉሠ ነገሥቱ ተጠብቆ ነበር።

የበሩ ቁልፍ የተበላሸው ግን በሌላ ቦታ ነው። ምክር ቤቱ የሚጠየቀው «ጦርነት ሲታወጅ» ነው ተባለ። በኮሪያ ጦርነት አልታወጀም፤ የተባበሩት መንግሥታት ዘመቻ ነው ተባለ። በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወታደሮች ወደ ኮንጎ ሲላኩም ጦርነት አልታወጀም፤ ሰላም ማስከበር ነው ተባለ። ለኮንጎ ሕዝብ የተደረገው ርዳታ ክቡር ነበር፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም በኋላ የዚያ ዓለም አቀፍ ሠራዊት አዛዥ ሆነዋል። እኛ ግን የምንለው፣ ወታደሩ የሚሞተው በቃሉ ምርጫ አይደለም። ዘመቻም ተባለ ሰላም ማስከበር፣ ጥይቱ ያው ጥይት ነው፤ የሚጠብቀውም ቤተ ሰብ ያው ቤተ ሰብ ነው።

ይህ ደካማነት የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ታላቋ አሜሪካ እንኳ በኮሪያ ስትገባ ፕሬዚዳንት ትሩማን ከኮንግሬስ የጦርነት አዋጅ አልጠየቁም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በመጋቢት 1995 ዓ.ም.፣ ሕዝቧ ያን ጊዜ ከ6 ሚሊዮን የማይበልጥ የነበረው ዴንማርክ ከአሜሪካ ጎን ተሰልፋ ወደ ኢራቅ ለመግባት ምክር ቤቷን ጠየቀች፤ ምክንያቱም የዴንማርክ ሕገ መንግሥት አገሪቱ ካልተጠቃች በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ጦር እንዳይዘምት ይከለክላል። 61 እንደራሴዎች ደገፉ፤ 50 ተቃወሙ። በኢራቅ አለ የተባለው አጥፊ የጦር መሣሪያ ግን ሳይገኝ ቀረ። በኋላም ነገሩን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ሳለ፣ ሥራውን ሳይፈጽም ሌላ መንግሥት መጥቶ ዘጋው። ከዚህ የተማርነው ድምፅ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ አለ፤ በኋላም መመርመር አለ። አንዱ ያለ ሌላው አንካሳ ነው።

በአገራችን በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ምክር ቤቱም ተዘጋ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ በሺህ የሚቈጠሩ የኩባ ወታደሮች ኢትዮጵያን ለመርዳት መጡ። ያን ጊዜ ስለ ሚመጣው ወዳጅም ሆነ ስለሚከፈለው ዋጋ የሚጠይቅ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት በአዲስ አበባ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት እስከ አሁን ካየናቸው ሁሉ የሰፋ በር ከፈተ። በ55ኛው አንቀጽ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርብለት ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የጦርነት አዋጅ ያውጃል፤ የመከላከያውን አደረጃጀት ይወስናል፤ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ያጸድቃል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለ ሥልጣኖችን ጠርቶ ይጠይቃል። በ87ኛውም አንቀጽ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ታዘዘ። ይህን ባነበብን ጊዜ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ደንብ ትዝ አለን። በ1928 ዓ.ም. በነቀምቴ በጭንቅ የተጻፈው ሐሳብ ከብዙ ዘመን በኋላ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ተገኘ።

ይህ ሕግ የተፈተነው በሶማሊያ ነው። በባይደዋ የነበረውን የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ባስጨነቀው ጊዜ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የጦር አሠልጣኞች ብቻ እንደ ላከ ሲናገር ቆየ። ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት በአገሪቱ ላይ ለተጋረጠው አደጋ መንግሥት አስፈላጊውን ሁሉ እርምጃ እንዲወስድ የሚፈቅድ ውሳኔ በብዙ ድምፅ አሳለፈ። ከተቃዋሚ ወገን ግን የተከራከሩ እንደራሴዎች ነበሩ። በታኅሣሥ ወር ጦሩ ሞቃዲሾ ገባ፤ እስከ ጥር 2001 ዓ.ም. ድረስም በዚያ ቆየ።

እንግዲህ ከኮሪያው ዘመን ጋር ብናስተያየው፣ በዚህ ጊዜ ምክር ቤቱ ተጠይቋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ልናቃልለው አይገባንም። ይሁን እንጂ የተሰጠው ፈቃድ ወሰን አልነበረውም፤ ስንት ሰው፣ እስከ መቼ፣ በምን ያህል ወጪ የሚል ልክ አልተቈረጠለትም። በኮሪያ የወደቁትን ቈጥረን በስማቸው ሐውልት ስናቆም፣ በሶማሊያ የወደቁት ስንት እንደ ሆኑ ግን ለሕዝቡ ተዘርዝሮ አልተነገረም። ለእኛ ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ የከበደን ይህ ነው።

በክፍላችን በተደረገው ክርክር የተቃዋሚው ወገን ሁለት ጠንካራ ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ «ጦርነት ምሥጢርና ፍጥነት ይፈልጋል፤ ምክር ቤት ሲከራከር ጠላት ይሰማል» አለ። ሁለተኛ፣ «ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. የተከዳችው የሌሎች አገሮች ምክር ቤቶች ሲያመነቱ ነው፤ እኛ ደግሞ እንደ እነርሱ እናመንታን?» አለ። በሁለተኛው ቃል ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ።

ደጋፊው ወገን እንዲህ ሲል መለሰ። «ምሥጢር የሚያስፈልገው ጦሩ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ነው እንጂ፣ መሄድ ይገባው እንደ ሆነ አይደለም። አደጋ ድንገት ሲመጣ መንግሥት ይከላከል፤ ከዚያም በቀናት ውስጥ ለምክር ቤቱ ያስታውቅ። ስለ 1928ቱ ደግሞ፣ በጄኔቭ የጎደለው ክርክር አልነበረም፤ የተገባውን ቃል መጠበቅ ነበር። ሕዝብ በእንደራሴዎቹ አማካይነት መክሮ የሰጠው ቃል በአንድ ሰው ፈቃድ ከተሰጠ ቃል ይልቅ ይጸናል። ቃኘው ሻለቃ ይህን ያስተምረናል። ጀግንነታቸው ሳይለወጥ መንግሥት ሲለወጥ ሜዳዩ ጎተራ ገባ፤ ምክንያቱም ዘመቻው የንጉሡ ተብሎ ነበርና። የሕዝብ ምክር ቤት ውሳኔ ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሡ ሲወርድ የወታደሩ ክብር አብሮ አይወርድም ነበር።»

እጅ ሲቈጠር ደጋፊዎቹ በ7 ድምፅ አሸነፉ። ከተቃዋሚው ወገን ተከራካሪዎች አንዷ ግን፣ «በሐሳባችሁ ተረትቻለሁ፤ ነገር ግን ለምኖ የሚጠብቅ ሰው የሚሰማውን አትርሱ» አለችን። እኛም ቃሏን እዚህ እንድንጽፈው ቃል ገባንላት።

ከመረመርነው ሁሉ የደረስንበት በአጭሩ ይህ ነው። ወዳጅን መርዳት መልካም ነው፤ ተለምነው ላልደረሱለት ሕዝብ ልጆች ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይገባቸዋል። ነገር ግን ጦር ሊላክ ሲል ምክር ቤቱ አራት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ለምን ይሄዳሉ? ስንት ይሄዳሉ? መቼ ይመለሳሉ? ያልተመለሱትስ እነማን ናቸው? ሦስቱ ጥያቄዎች አስቀድመው የሚጠየቁ ናቸው፤ አራተኛው ግን ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ የሙዚቃው ጓድ ከሄደና ባንዲራው ከታጠፈ በኋላ የሚጠየቅ ነው። ምክር ቤት ለሕዝቡ መታመኑ የሚታወቀው በዚህ በአራተኛው ይመስለናል።

የወለጋ ልጆች ነንና የጦር ድምፅ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርንም። ስለዚህ ይህን የጻፍነው ወታደርን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከእኛም መካከል ወደዚያው አገልግሎት የሚሄዱ ይኖራሉ። ነገ ከእናንተ ከታናናሾቻችን አንዱ ወይም አንዷ የነቀምቴ፣ የነጆ፣ የሻምቡ ወይም የመንዲ ሕዝብ እንደራሴ ሆናችሁ ብትቀመጡ፣ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት አራቱን ጥያቄዎች አስቡአቸው።

ሜዳዩን ጓደኛችን ወደ ቤቱ መልሶታል። አሁን በጎተራ ውስጥ አይደለም፤ እናቱ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከሽማግሌው ፎቶግራፍ በታች ሰቅለውታል።